የሰኞው ማካሮኒ

ሳጥኑ የተከፈተው ደባርቅ ምሽግ ውስጥ፣ በምሽጉ አዛዥ በማጆሬው ፊት ነው። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ጥይት ሲጠበቅ ድንጋይ ወጣ፤ ያውም ከእርሻ ካብ የተነቀለ፣ አፈሩ እንኳ ያልተራገፈለት ድንጋይ።

ማጆሬው አንዱን አንስቶ በመዳፉ መዘነና "ካፒታኖ ባርዴሊ፣ ደባርቅ ድንጋይ ጠፍቶ ነው ከጎንደር ጭነህ ያመጣህልኝ?" ሲል ጠየቀ። ካፒታኖው ቀላ። ከኋላው የቆመው ቡሉቅባሽ ነጋ በጌታው ፊት ላይ የታየውን ሁሉ በራሱ ፊት የማሳየት ልማድ ነበረውና አብሮ ለመቅላት ሞከረ፤ ፊቱ ግን እሺ አላለውም።

ነጋ በጎንደር የጣሊያን ፖሊስ ውስጥ የአገሬው መርማሪዎች አለቃ ነው። ከወረራው በፊት የገበያ ዘበኛ ነበር። አሁን ቀይ መቀነት ታጥቆ፣ ቡትስ ጫማ ተጫምቶ፣ አብሮ አደጎቹን እያሳደደ ያስገባል። ወንጀለኛ በማሽተት የሚተካከለው የለም ይባላል፤ ወሬውን ያስወራው ራሱ ነው።

"ሳጥኑን የጫነው ማነው?" አለ ማጆሬው።

"ሾፌሩ፣ አዝመራ የሚባል የአዲ አርቃይ ሰው ነው" አለ ካፒታኖው።

"እሰሩት። ጥይቱ እስከ አርብ ዘጠኝ ሰዓት ካልተገኘ፣ አራዳ ገበያ መሃል ይሰቀል። ሌላ ጥፋተኛ ካገኛችሁ እሱን ስቀሉ። ለእኔ ልዩነት የለውም።"

የዚያ ሰኞ ጉዞ እንኳን ለጥይት ለሽርሽርም አልሆነም። ጣሊያን ከየቤተ ክርስቲያኑ ደጅና ከየመንገዱ ስምንት አረጋውያን ለቅሞ፣ ከቁስቋም ዝቅ ብሎ የቆርቆሮ ቤት ሠርቶ አስገብቷቸው ነበር። በሩ ላይ "የአረጋውያን ማረፊያ" ተብሎ ተጽፏል፤ ከስምንቱ አንዱም ልረፍ ብሎ አልጠየቀም። ካፒታኖ ባርዴሊ የቤቱ ኃላፊ ነው። አረጋውያኑን በማኪና ወደ ሰሜን ተራሮች ወስዶ፣ ማካሮኒ ሲበሉ ፎቶ አንስቶ፣ ሮም ላለ ጋዜጣ ሊልክ ተመኘ። እግረ መንገዱንም የደባርቅን ጥይት ከአረጋውያኑ መቀመጫ ሥር ሸሸገ፤ አርበኛ ሽማግሌ በጫነ ማኪና ላይ አይተኩስም ብሎ ነው። ጀግንነቱ እስከዚህ ድረስ ነበር።

አረጋውያኑ ግን ቤተ ክርስቲያን ባዩ ቁጥር "አውርዱን፣ እንሳለም" አሉ። በዚያ አገር ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የሌለው ጉብታ የለም። አስራ አንድ ጊዜ ወረዱ፣ አስራ አንድ ጊዜ ተሳፈሩ፤ አንዱን ለማሳፈር ሁለት ሰው ከታች ይገፋል፣ አንድ ሰው ከላይ ይስባል። ዓይነ ስውሩ መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ ማኪናው አዙሯቸው በካፒታኖው ቡትስ ላይ አስመለሱ። አንዲት አሮጊት አምባ ጊዮርጊስ ላይ ተረስተው ቀሩና ማኪናው ለእሳቸው ብሎ ተመለሰ። ካፒታኖው ዳባትን አልፎ ድንኳኑን ሲተክል ድምፁ ተዘግቶ ነበር።

እዚያ ምሳ ሆነ። አዝመራ ከድስቱ ጨለፈ፣ ካፒታኖው አስራ ሁለት ፎቶ አነሳ፣ ከዚያ ድንኳኑ ገብቶ ተጋደመ። ማኪናውን እንዲጠብቅ የታዘዘው ነጋ ሥጋ ያለበትን ማካሮኒ ሁለት ሳህን በልቶ፣ ከማኪናው ጥላ ሥር ለጥ ብሎ ተኛ። ደባርቅ ላይ ሲጠየቅ ግን "ከማኪናው አጠገብ ዓይኔን ሳልከድን ቆሜ ነበር" ብሎ ፈረመ። "ሾፌሩ አንዴ ውሃ ሊወስድ መጥቷል" የሚል ጨመረበት። ለጽሑፉ ማሳመሪያ ያህል ነው የጨመረው፤ የሰው አንገት እንደሆነ ያን ጊዜ አላሰበም፣ በኋላ ሲያስበውም አልሰረዘውም።

ማክሰኞ ጠዋት ጎንደር ላይ አዝመራን አስጠራ። እጁ የፊጥኝ ታስሮ ቀረበ።

"ምሳ ሰዓት ላይ የት ነበርክ?"

"ድስቱ ላይ።"

"ማኪናው ጋ አልመጣህም?"

አዝመራ አየውና "አያ ነጋ፣ ማኪናውን የጠበቁት እርስዎ አይደሉ እንዴ? መጥቼ ነበር?" አለው።

ነጋ ወረቀቱን አገላበጠ። "እኔ ነኝ የምጠይቀው። ከድስቱ ፈቀቅ አላልክም?"

"ምን ፈቀቅ ያስብሉኛል? መሪጌታ 'ጨልፍ፣ ከካሜራው ፊት አትነቀል' እያሉ ጨቀጨቁኝ። ካፒታኖው ሲገባ ዕቃ ላጥብ ወንዝ ወረድኩ።"

"አንድ ሰው አይቶሃል?"

"ሁሉም ሰው ተኝቶ ማን ይየኝ?" አለ አዝመራ። ነጋ ወደ ክፍሉ እንዲመልሱት አዘዘ።

ከዚያ ወደ ቁስቋም ወጣ። የቤቱ አንጋፋ እመት ወለተሩፋኤል ናቸው፤ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፣ እንዝርት ከእጃቸው አይለይም። ነጋ ሊጠይቃቸው በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

"ሰኞ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ምን ያደርጉ ነበር?"

"ስንበላ ነበር፣ ልጄ።"

"ምን?"

"ያንን የጣሊያን ትል። ሥጋ የገባበትን።"

"እስከ መቼ?"

"ካፒታኖው ከድንኳኑ እስኪወጣ። ጥርስ የለንም እኮ፤ አንዷን ለማድቀቅ ግማሽ ቀን ይፈጃል።"

"ጣማችሁ ወይ?"

እመት ወለተሩፋኤል እንዝርታቸውን አቆሙና ትክ ብለው አዩት። "ሸጋ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። ጥግ ላይ የተቀመጡት መሪጌታ ሳል ያዛቸው።

ቀጥሎ አያ ይባረክን ያዘ። የወለቃ ቤተ እስራኤል ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ብረት ሲቀጠቅጡ የኖሩ ሰው። የሳጥኑ ምስማር ተነቅሎ ሲመለስ አናቱ እንኳ አለመጫሩን ነጋ አስተውሏል፤ ለዚህ ሽልማት ይገባኛል ብሎ ያምናል።

"እንዲህ ያለ ሥራ የማን ይመስልዎታል?"

"የጎበዝ ሠራተኛ ነው" አሉ አያ ይባረክ።

"የእርስዎ ነዋ!"

"እኔማ ከሌሎቹ ጋር ስበላ ነበር።"

ነጋ ያዝኩት ብሎ ፈነጠዘ። "ከመቼ ወዲህ ነው ቤተ እስራኤል ክርስቲያን ያረደውን የሚበላው?"

"ራበኝ፣ በላሁ። ሰው ሲርበው ስንቱን ይረሳል። አንተ አልበላህም?"

ነጋ ሁለቱ ሳህን ትዝ አለው። እንደ እሱ የላላ ሰው ማግኘቱ ደስ አሰኘውና "ከሃይማኖቱ የወጣ ሽማግሌ፣ ነገር የለውም" ብሎ መዝግቦ አለፈ።

ስምንቱም ቃል በቃል አንድ ነገር ተናገሩ። ስምንት ሰው አንድ ቃል ሲናገር ወይ እውነት ነው፣ ወይ ተመካክሮበታል። ሁለተኛውን መከተል ድካም ስላለው ነጋ እውነት ነው ብሎ ጻፈ።

ረቡዕ ምሳ የተበላበት ቦታ ድረስ ሄደ። መንገድ ላይ የአዲ አርቃይ ነጋዴዎች አገኘና፣ ሰኞም በዚያ ማለፋቸውን ሲሰማ አህዮቻቸውን አራግፎ ፈተሸ። ጨው አገኘ፣ አንድ የተሰበረ ጃንጥላም አገኘ። ጃንጥላውን ማስረጃ ነው ብሎ ወሰደው።

ምሳው ቦታ ከደረሰ በኋላ ቁራዎች አንድ የእርሻ ካብ ላይ ሲሻሙ አየ። ካቡ ከመሃሉ ተንዶ እንደ ነገሩ ተመልሷል፤ የሳጥኑ ድንጋይ ከዚህ ነው የወጣው። ነጋ ድንጋዩን ሲያነሳ ከሥሩ ማካሮኒ ወጣ። የደረቀ፣ ጉንዳን የወረሰው፣ ሥጋው እንዳለ ያለ ማካሮኒ። በእንጨት እየቆፈረ አየው፤ ስምንት ሳህን ያህል ይሆናል።

ካቡ ሥር ተቀምጦ ራሱን ያዘ። አዝመራ ሳያድለው ቀብሮት ይሆን? ያ እንዳይባል አረጋውያኑ በልተናል ብለዋል፣ ካፒታኖውም ባዶውን ሳህን አይቷል። ጠግበው ተርፏቸው ይሆን? ሽማግሌ ሲጠግብ ትራፊውን ድንጋይ ሥር አይቀብርም። የጎንደር አንደኛ አሽታች እስኪመሽ ድረስ አሸተተ፤ ከጉንዳን ንክሻ በቀር ያገኘው የለም።

ሐሙስ ጠዋት የአዝመራ ሚስት አበቡ የፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። ስምንተኛ ወሯን ይዛለች፤ ግንቡን ተደግፋ ነበር የቆመችው።

"ነገ ዘጠኝ ሰዓት ነው አሉኝ። እውነት ነው፣ ጌታዬ?"

"ምርመራ ላይ ነን።"

"ባሌ ማኪናው ጋ እንዳልደረሰ ማኪናውን የጠበቀው ሰው ያውቃል። ያን ሰው አገናኙኝና እግሩ ላይ ልውደቅ። ማነው?"

ነጋ ቀበቶውን አስተካከለ። "ይጣራል" ብሎ አልፏት ሄደ። እንዲህ ዓይነት ሰው ነበር።

ከዚያም ምግብ ፍለጋ ሄደ። አራዳ የይመኙሽ ጠጅ ቤት ገባ። ጢም ብሎ ሞልቷል፤ በየመደቡ ጥሬ ሥጋ ይቆረጣል።

"ምነው ዛሬ እንዲህ ሰው በዛ?" አላት፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ እያነሳ።

"ምነው ትላለህ እንዴ? ነነዌ ትናንት አለቀ እኮ! ሦስት ቀን ሙሉ ቢላዬ ዛገ። ሕፃን ልጅ እንኳ አልቀመሰም።"

"ከመቼ እስከ መቼ?"

"ከሰኞ እስከ ረቡዕ ነዋ።" ይመኙሽ ዓይኗን አጠበበች። "መያዙን አታውቅም ነበር?"

"አውቃለሁ እንጂ!" አለ ነጋ። ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሰው።

የነነዌ ጾም በየዓመቱ ቀኑ ይለዋወጣል፤ መቼ እንደሚገባ የሚሰማው ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ነው። ነጋ ሁለት ዓመት ሙሉ ደጅዋን አልረገጠም። ሰኞ ለእሱ ሰኞ ብቻ ነበር። አስራ አንድ ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም አስራ አንድ ጊዜ ከማኪና የወረዱ አረጋውያን ግን፣ በነነዌ፣ በእኩለ ቀን፣ ሥጋ አፋቸው አያስገቡም። ይህን ለማወቅ መርማሪ መሆን አያስፈልግም፤ የሰው ልጅ መሆን ይበቃ ነበር። ነጋ ጆሮው ድረስ ጋለው፤ ሰኞ ዕለት የቀረበትን መቅላት ዛሬ ቀላ።

በሩጫ ቁስቋም ደረሰ።

"አልበላችሁም" አለ በሩ ላይ ቆሞ።

እመት ወለተሩፋኤል መፍተላቸውን ቀጠሉ። "ማን ነገረህ?"

"ነነዌ ነበር!"

"ሰው ነግሮህ ነው ማለት ነው" አሉ መሪጌታ። "ማክሰኞ ስትመጣ እኮ ላብ አጥምቆን ነበር። ሥጋ በላን ስንልህ 'በነነዌ?' ብለህ የምትጮህ መስሎን። አንተ ግን 'ጣማችሁ ወይ' አልክ። ስትወጣ መጀመሪያ ሳቅን። ቀጥሎ እመት ወለተሩፋኤል አለቀሱ፤ እናትህን ያውቋት ነበርና።"

ነጋ የእናቱን ነገር እንዳልሰማ ሆነ። "ጥይቱን እንዴት ወሰዳችሁት?"

"ዓይኔ ነው እንጂ የጠፋው መቀመጫዬ አልጠፋም። አምባ ጊዮርጊስ ሳንደርስ ምን ላይ እንደተቀመጥኩ አወቅኩ። ካፒታኖው ድንኳን ውስጥ፣ አንተ ማኪና ሥር ስታንኮራፉ፣ አያ ይባረክ ምስማሩን ነቀሉ። እኛ በየጋቢያችን እየቋጠርን 'ሽንት' እያልን ወደ ቁጥቋጦው ተመላለስን። ሽማግሌ ለሽንት ሲመላለስ ማን ይቆጥራል?"

"እዚያ ማን ተቀበላችሁ?"

"እርጅና ነው ልጄ፣ ያየነው ሰው ይረሳናል።"

"አዝመራስ? በእናንተ ፋንታ ይሰቀል?"

"አዝመራን በየፎቶው ፊት የገተርነው ለምን መሰለህ?" አሉ አያ ይባረክ። "ካፒታኖህ ለአለቆቹ ሲጽፍ እስከ መጨረሻው በዓይኔ ሳያቸው ነበር ይላል። ተኛሁ አይልም። አንተስ ተኛሁ ብለሃል?"

ነጋ ወደ እመት ወለተሩፋኤል ዞረ። "እኔንስ ምን ልታደርጉኝ ነበር?"

እመት ወለተሩፋኤል እንዝርታቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። "አንተን አላሰብንህም" አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የረሱትን ዕቃ እንደሚያነሱ ዓይነት ነበር አነጋገራቸው።

ቁልቁል ወደ አራዳ ሲወርድ አንድ ጊዜ ብቻ ቆመ። ዝም ቢል ስምንቱ አረጋውያን ይድናሉ። ቢናገር ማዕረጉ አድጎ ሹምባሽ ይሆናል፣ የመቀነቱ ቀለም ይለወጣል። ያ "አላሰብንህም" ያሉት ነገር ግን ውስጡን እንደ እሾህ ይጠዘጥዘው ነበር፤ እንዲያስቡት ፈለገ። እርምጃውን አፈጠነ።

ካፒታኖ ባርዴሊ ጠረጴዛው ላይ አስራ ሁለቱን ፎቶዎች ደርድሮ ያፏጫል።

"ካፒታኖ፣ ሌቦቹን አገኘሁ። ሽማግሌዎቹ ናቸው። ማካሮኒውን አልበሉም፤ ካብ ሥር ቀብረውታል።"

"በልተዋል። ባዶውን ሳህን በዓይኔ አይቻለሁ።"

"ጾም ነበር። የነነዌ።"

"ነነዌ ማነው?"

ነጋ ማስረዳት ጀመረ። በጣሊያንኛ ከተማዋን ተናገረ፣ ዮናስን ተናገረ፣ ዓሣ አንበሪው ላይ ሲደርስ ካፒታኖው በሳቅ ፈነዳ።

"ዓሣ በላቸው ነው የምትለኝ? ስማ። የእነዚህ ቅጂ ዛሬ ጠዋት ወደ ሮም ሄዷል። ከሥሩ 'የጠገቡ አረጋውያን' ብዬ ጽፌያለሁ። ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት አብሬያቸው ተቀምጬ እንደነበር ለማጆሬው ጽፌያለሁ።"

"ያን ጊዜ እኮ ተኝተው ነበር፣ ካፒታኖ።"

ሳቁ ቆመ። ካፒታኖው ፎቶዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ መታ መታ አደረገ። "ስምንቱ እዚህ አሉ። ሾፌሩ ጭልፋውን ይዞ አስራ ሁለቱም ላይ አለ። ይሄ ሌባ ሊሆን አይችልም፤ ጠዋት ይፈታል። እኔ ካሜራውን ይዣለሁ። አንተ የት ነህ?"

ነጋ ጎንበስ ብሎ ፈለገ። ራሱን ይፈልግ ነበር፣ በየፎቶው ጥግ፣ ቡትሱን ወይም ጥላውን እንኳ። የለም።

ካፒታኖው ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አወጣ። "'ከማኪናው አጠገብ ዓይኔን ሳልከድን ቆሜ ነበር።' ፊርማው የማነው? ሁለት ሰዓት ሙሉ ከሳጥኑ ጋር ብቻህን ነበርክ። ወይስ ጥበቃ ላይ ተኝቼ ነበር ልትለኝ ነው?"

ጥበቃ ላይ የተኛ በጥይት ይመታል፣ የሰረቀ ይሰቀላል። ካፒታኖው "እሰሩት፤ በሾፌሩ ፋንታ ይሰቀል" አለ። መቀነቱን የፈታለት የገዛ ወታደሩ ነው።

አርብ ጠዋት አዝመራ ተፈታ። አበቡ አንገቱን እንደ ያዘች ደጁን ለቀው ሲሄዱ ነጋ በእስር ቤቱ መስኮት አየ። ጥቂት ቆይቶ የማኪና ድምፅ ሰማ፤ ሮም ፎቶውን ሳያይ ካፒታኖው ሁለተኛ ሽርሽር አዟል። አረጋውያኑ ከላይ ተደርድረዋል። ማኪናው ገና ከአራዳ ሳይወጣ ቆመና "አውርዱን፣ እንሳለም" የሚል የመሪጌታ ድምፅ ተሰማ። ነጋ ወደ መስኮቱ የሚዞር ፊት ጠበቀ። አንድም አልዞረም።

ስድስት ሰዓት ላይ ዘቡ ምግብ ይዞ ገባ፤ ትናንት መቀነቱን የፈታለት ወታደር ነው። ሥጋ ያለበት ማካሮኒና አንድ ቁራሽ ዳቦ አቀረበለት።

"ዛሬ ዕለቱ ማን ነው?" አለው ነጋ።

"አርብ።"

ነጋ ማካሮኒውን በእግሩ ገፋ አደረገው። ዳቦውን ግን አንስቶ ለዘቡ ዘረጋለት።

"ይችን አስቀምጥልኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እገድፍባታለሁ።"

"ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኮ…" አለ ዘቡ፤ ግን አልጨረሰውም። ዳቦውን ተቀበለና በነጠላው ጫፍ ጠቅልሎ መስኮቱ ላይ አስቀመጠለት።